አንደበት ከተዘጋ በኋላ፦ የእስክንድር የመጨረሻ ቀናት

በለንደኑ የብሪታኒያ ሙዚየም ከጥንቷ ባቢሎን የተገኘ አንድ የተሰባበረ የሸክላ ጽላት አለ። የባቢሎን ኮከብ ቆጣሪዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ፣ የአየሩን ጠባይ፣ የኤፍራጥስ ወንዝን ከፍታና ዝቅታ፣ የገብስና የተምርን ዋጋ ሳይቀር እየመዘገቡ ለመቶዎች ዓመታት ካቆዩአቸው መዛግብት አንዱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ዓመት፣ በእነርሱ አቆጣጠር ወር በገባ በ29ኛው ቀን፣ ሊቃውንት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 11 ነው በሚሉት ዕለት፣ ጸሐፊው ንጉሡ መሞቱን በአጭር ቃል ጻፈ፤ አስከትሎም ስለ ሰማዩ ደመና መዘገበ። ንጉሡ የመቄዶንያው ታላቁ እስክንድር ነበር። ገና 33 ዓመት ያልሞላው ወጣት ሲሆን፣ በነገሠባቸው 12 ዓመት ከ8 ወር ውስጥ ከግሪክ ተነሥቶ ግብፅንና ፋርስን ይዞ እስከ ህንድ ድረስ ዘልቆ ነበር።

ይህን ሰው በሞቱ አልጋ ላይ ሆኖ ምን ያስብ እንደ ነበር ለረጅም ጊዜ ሳሰላስል ኖሬአለሁ። ምክንያቱ ታሪክ መውደዴ ብቻ አይደለም። አያቴ በሞቱበት ሳምንት ከአልጋቸው አጠገብ ነበርሁ። አያቴ ገበሬ ነበሩ፤ ሠራዊት አልመሩም፣ አገርም አላቀኑም። በታመሙ በሦስተኛው ቀን ትኩሳታቸው በርትቶ ሳለ ልጆቻቸውን ጠርተው፦ «እስከ ሐሙስ እነሣለሁ፤ የታችኛውን ማሳ እኔው ነኝ የማርሰው፤ በሬዎቹን ለማንም እንዳታውሱ» አሉ። ረቡዕ ማታ አንደበታቸው ተዘጋ። ሐሙስና ዓርብ ጎረቤቱ ሁሉ «እግዜር ይማርዎ» ለማለት አንድ በአንድ እየገባ ሲወጣ፣ እርሳቸው በዓይናቸው ብቻ ይከተሉት ነበር። በድንበር ተጣልተው ለብዙ ዓመታት ሰላምታ እንኳ ያልተለዋወጧቸው አንድ አዛውንት በመጨረሻ ገቡና ከአልጋው ሥር ተንበርክከው «ይቅር በሉኝ» ሲሉ፣ የአያቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ለማለት ፈልገው ይሁን ሌላ፣ ማናችንም አላወቅንም። ዓይናቸው ግን ከሰውዬው ላይ ሳይነሣ ብዙ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የእስክንድርን የመጨረሻ ቀናት ታሪክ እንደ ገና ባነበብሁ ጊዜ፣ ከዚህ በፊት ሳላስተውል ያለፍኋቸው ነገሮች ሁሉ ዓይኔ ውስጥ ገቡ።

የሕመሙን ዜና ከሁሉ አብራርተው የጻፉልን አሪያንና ፕሉታርክ ናቸው። ሁለቱም ከእስክንድር በኋላ 400 ዓመት ገደማ ቆይተው የጻፉ ቢሆኑም፣ የቤተ መንግሥቱ የቀን መዝገብ ነው ተብሎ በዘመናቸው ይታወቅ የነበረን ጽሑፍ መሠረት አድርገዋል። ሕመሙ የጀመረው ሜዲዮስ የተባለ ወዳጁ ባዘጋጀው የመጠጥ ግብዣ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲጠጣ አደረ፤ ገላውን ታጠበ፤ ትኩሳት ስለ ጀመረውም እዚያው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተኛ። በማግሥቱ ዳይስ ሲጫወት ዋለ። በአልጋ ተሸክመው እያወጡት የዕለት መሥዋዕቱን ያቀርብ ነበር፤ ከዚያ በጀልባ ወንዙን አሻግረው ወደ አንድ የአትክልት ስፍራ ወሰዱት። ታጠበ፣ አረፈ፣ እንደ ገና ታጠበ። ባቢሎን በበጋ እንዴት እንደምትነድ የሚያውቅ ሰው፣ ይህ በትኩሳት የሚቃጠል ወጣት ለምን ከውኃ አጠገብ እንዳልራቀ ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን የትእዛዙ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ወደ ዐረቢያ የሚዘምት የመርከብ ጦር ተዘጋጅቶለት ነበር። የባሕር ኃይሉ አዛዥ ኔያርኮስ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ከህንድ ሲመለስ ስላየው ታላቁ ባሕር ይተርክለታል፤ እስክንድርም በትኩሳት ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል። እግረኛው በአራተኛው ቀን ይነሣል፣ ከእኔ ጋር በመርከብ የሚሄዱት በአምስተኛው ቀን ይነሣሉ ብሎ አዘዘ። በማግሥቱ ትኩሳቱ ባሰ፤ እርሱ ግን ስለ ጉዞው ማዘዙን አላቆመም። ቀኑ ደረሰ፣ አለፈ፤ እርሱም አዛዦቹን እየጠራ ስለ መርከቦቹ ይናገር ነበር። ይህን ባነበብሁ ቁጥር «እስከ ሐሙስ እነሣለሁ» የሚለው ድምፅ ይመጣብኛል።

ስለዚህ የእስክንድር የመጨረሻ ሐሳብ ብዙዎች እንደሚያቀርቡት የታረመና የተዋበ ነበር ብዬ ማመን አልችልም። በእኛ ዘንድ በስብከትም በፌስቡክም የሚዞር አንድ ታሪክ አለ፦ ሬሳዬን ሐኪሞች ይሸከሙት፣ በመቃብሬ መንገድ ላይ ወርቅና ዕንቁ ይበተን፣ ባዶ እጆቼም ከሣጥኑ ውጭ ይታዩ ብሎ ተናዘዘ የሚል ነው። እኔም በወጣትነቴ በአንድ የልቅሶ ቤት ይህን ታሪክ ተናግሬ ሰው ሁሉ ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ። ነገር ግን አሪያንም፣ ፕሉታርክም፣ ዲዮዶሮስም፣ ኩርቲዩስም ይህን አልጻፉም። ኋላ ሰው ለትምህርት የፈጠረው ነው። «መንግሥትህን ለማን ትተዋለህ?» ብለው ሲጠይቁት «ለብርቱው» አለ የሚለውም ቢሆን፣ አሪያን ራሱ ከቀን መዝገቡ ውጭ ሌሎች የሚሉት ነው ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው ነገር ነው። የማኅተም ቀለበቱን ለአዛዡ ለፐርዲካስ ሰጠው ይባላል፤ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ቀለበት ለመስጠት አንደበት አያስፈልግምና። ተመረዘ የሚለውም ወሬ ወዲያው ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሕመሙ ከ10 ቀን በላይ እየተባባሰ መሄዱን ለሚያይ፣ ንዳድ ወይም ታይፎይድ ነው የሚሉት ሐኪሞች ግምት የተሻለ ሚዛን ይደፋል።

በመዝገቡ መሠረት ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲመልሱት አዛዦቹን ለይቶ ዐወቃቸው፤ መናገር ግን አልቻለም። ወታደሮቹ ሞቶ ሳለ ሞቱን የሚደብቁብን ይሆናሉ ብለው በር ላይ ጮኹ፤ ከብዙ ግፊያ በኋላም ትጥቃቸውን ፈትተው፣ በእጀ ጠባብ ብቻ ሆነው፣ አንድ በአንድ በአልጋው አጠገብ እንዲያልፉ ተፈቀደላቸው። እርሱም በጭንቅ ራሱን ቀና እያደረገ በዓይኑ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

በዚያ ሰልፍ ላይ ነው የእኔ ሐሳብ የሚቆመው። ዓለምን እያዘዘ የኖረ ሰው ቃል አጥቶ ተኝቷል፤ በቃሉ ሲሞቱና ሲገድሉ የኖሩ ሰዎች ደግሞ አንድ በአንድ ያልፋሉ።

በእኛ አገር የእስክንድር ስም እንግዳ አይደለም። ሊቃውንቶቻችን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በመለሱት «ዜና እስክንድር» ውስጥ እርሱ ጣዖት አምላኪ የመቄዶንያ ንጉሥ ሳይሆን እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ንጽሕናን የሚወድ፣ እስከ ምድር ዳርቻ ሄዶ ምስጢር የሚመረምር ሰው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በስሙ የሚጠራ ንጉሠ ነገሥት ነበረን። መቄዶንያዊው በስሙ ከሰየማት ከእስክንድርያም 1600 ዓመት ያህል ጳጳስ ስንቀበል ኖረናል። የዳንኤልን ትንቢት 8ኛ ምዕራፍ ያነበበ ሁሉ ደግሞ ከምዕራብ ምድርን ሳይነካ የመጣውን አውራ ፍየል፣ በበረታም ጊዜ የተሰበረውን ታላቅ ቀንድ ያስታውሳል። የግእዙን እስክንድር እወደዋለሁ፤ ሊቃውንቱ በዚያ ሰው ውስጥ የሚያዩትን ናፍቆት በራሳቸው እምነት አጥበው አቅርበውታል። ነገር ግን የግሪክን ከተማ ቴብስን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ335 አፍርሶ 30,000 ሰው ባሪያ አድርጎ የሸጠው፣ ጢሮስን ለሰባት ወር ከብቦ ሲይዝ 2,000 ወንዶችን በባሕሩ ዳር ሰቀለ ተብሎ የተጻፈበትም ያው ሰው ነው። ሞቱን በምናብ ለማየት የሚሞክር ሰው ሁለቱንም አብሮ መያዝ አለበት።

ከቃሉ መጥፋት በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልበል። ወራሽ አልተሰየመም፤ ሚስቱ ሮክሳና ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድ ልጅ ወለደች፤ አእምሮው ደካማ ከነበረው ከአጎቱ ጋር በስም አነገሡት፤ ፐርዲካስ በራሱ መኮንኖች ተገደለ፤ የእስክንድር እናት ኦሊምፒያስ ተገደለች፤ በ15 ዓመት ውስጥም ሮክሳናና ልጇ መቄዶንያን በያዘው በካሳንድሮስ ትእዛዝ ጠፉ። ጭፍሮቹ ለ40 ዓመት ያህል ግዛቱን ሲቀራመቱ ተዋጉ። የፋርሱ ንጉሥ የዳርዮስ እናት ሲሲጋምቢስ፣ ልጇን ያሸነፈው ሰው መሞቱን ስትሰማ ምግብ እምቢ ብላ በአምስተኛው ቀን እንደ ሞተች ዲዮዶሮስ ጽፏል። እስክንድር ከማረካት ቀን ጀምሮ «እናቴ» እያለ ያከብራት ነበርና። ለእርሱ በፈቃዱ እስከ ሞት ያዘነለት ሰው የጠላቱ እናት መሆኗ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

እንግዲህ በዚያ አልጋ ላይ፣ ራሱን ቀና ሲያደርግ፣ በውስጡ ያለፈው ነገር እንዲህ ይመስለኛል።

በሩ ላይ ይጮኻሉ። ይህን ጩኸት ዐውቀዋለሁ። በህንድ በማሎይ ምሽግ መሰላሉ ተሰብሮ ብቻዬን ወደ ውስጥ የዘለልሁ ቀን፣ ፍላጻው ደረቴን ወግቶ በትንፋሼ ደም የወጣ ቀን፣ ሞቷል ብለው እንዲሁ ጮኹ። በጀልባ ጭነው በወንዙ አወረዱኝ። ባለፍሁባቸው ዳርቻዎች ሁሉ ሬሳ ነው ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ እጄን አነሣሁ። እጄን ባነሣሁ ጊዜ የነበረው እልልታ፣ ከጋውጋሜላ ድል ቀን የበለጠ ነበር። አሁንም እጄን ላነሣ እወዳለሁ። እጄን አዘዝሁት፤ አልሰማኝም። በሕይወቴ ሳዝ ያልታዘዘኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። አይደለም፤ በህንድ በሂፋሲስ ወንዝ ዳርም ሠራዊቴን አዝዤ አልታዘዙኝም። ዝናሙ 70 ቀን ዘንቦባቸው፣ ልብሳቸው ተበልቶ፣ የፈረሶቹ ሰኮና አልቆ ነበር። አዛዤ ኮይኖስ ተነሥቶ፦ ንጉሥ ሆይ፣ ከቤታችን ስንወጣ ስንት ነበርን፣ አሁንስ ስንት ቀረን አለኝ። ሦስት ቀን በድንኳኔ ተዘጋሁባቸው። ኮይኖስ እውነት ተናግሮ ነበር።

ይገባሉ። ትጥቅ የላቸውም። ያለ ጋሻና ያለ ራስ ቁር እንዲህ ያረጁ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ይህ ሰው ማነው? ዐውቀዋለሁ። የግራኒኮስን ወንዝ ሲሻገር ከፈረሱ የወደቀው ነው፤ 11 ዓመት ሆነው። ከዚህ ኋላ ያለው በጌድሮስያ በረሃ ነበር። በዚያ በረሃ ሴቶቹና ሕፃናቱ በሌሊት ጎርፍ ሲወሰዱ፣ በቀን ደግሞ ሰው ከጥም የተነሣ ከአሸዋው ላይ እየቀረ፣ ከአንድ ደረቅ ፈፋ ጥቂት ውኃ ጠርገው በራስ ቁር አምጥተውልኝ ነበር። ሁሉም ያዩኝ ነበር። በአሸዋው ላይ ደፋሁት። ሠራዊቱ ሁሉ ያንን ውኃ የጠጣ ያህል በረታ። ያ ውኃ አሁን ታሰበኝ። አሁን ቢያመጡልኝ አልደፋውም።

ውኃ። ወንዙ ከመስኮቱ በታች ነው፤ እሰማዋለሁ። በዚያ ወንዝ ረግረግ በመርከብ ሳልፍ ነፋስ ቆቤን ወሰደብኝ፤ የንግሥናዬ ጥብጣብ ከአንድ ጥንት ንጉሥ መቃብር ላይ ከበቀለ ቄጠማ ላይ ተሰቀለ። አንድ መርከበኛ ዋኝቶ አመጣው፤ እንዳይረጥብ በራሱ ላይ አሰረው። ሟርተኞቹ ዝም ብለው ተያዩ። ከለዳውያኑ ካህናትም ወደ ባቢሎን ፊትህን ወደ ምዕራብ አድርገህ አትግባ ብለውኝ ነበር። ገባሁ። ሌላ መንገድ የነበረው ረግረግ ነው። ረግረጉን ልሻገር እችል ነበር።

መርከቦቹ በአምስተኛው ቀን ይነሣሉ። ዛሬ ስንተኛው ነው?

ይህ ወጣት ማነው? አላውቀውም። ገና ጢም አላበቀለም። የማን ልጅ ነው? ዓይኔን ጨፈንሁለትና ገለጥሁለት፤ እርሱም አለቀሰ። ሰው በእኔ ፊት ሲያለቅስ ብዙ አይቻለሁ። በኦፒስ ከተማ ከፊቴ ጋሻቸውን ጥለው ያለቀሱት እነዚህ ናቸው። ሽማግሌዎቹን ወደ አገራቸው ልስደድ ባልሁ ጊዜ አሾፉብኝ፤ 13ቱን ይዛችሁ ግደሉ አልሁ። ከዚያ ሁለት ቀን ፊቴን ነሣኋቸው። በሦስተኛው ቀን ካሊኔስ መጥቶ፦ ፋርሶቹን ዘመዶቼ ትላቸዋለህ፣ እነርሱም ይስሙሃል፤ ከእኛ ከመቄዶንያዎቹ አንድ እንኳ የሳመህ የለም አለኝ። ሁላችሁንም ዘመዶቼ አደረግሁ አልኋቸው። ሁሉም እየመጡ ሳሙኝ። እነዚያ 13ቱ ግን ማንንም አልሳሙም። ፊታቸውን ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ አንዱ ብቻ ይመጣል፤ እርሱም ጀርባውን ሰጥቶ ነው።

ወዳጄ ሔፋስቲዮን በዚህ ሰልፍ ውስጥ የለም። ባለፈው ዓመት በኤክባታና እንዲሁ በትኩሳት ተኝቶ ነበር። እኔ በውድድሩ ስፍራ ልጆች ሲሮጡ አይ ነበር። ባሰበት ብለው ጠሩኝ፤ ሮጥሁ፤ አልደረስሁበትም። ሐኪሙን ሰቀልሁት። ሐኪሙ ምን አደረገ? አሁን የእኔን ሐኪሞች አያለሁ፤ ከግድግዳው ተጠግተው ቆመዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አትፍሩ ልላቸው እፈልጋለሁ።

ፓርሜንዮንም የለም። 70 ዓመት ሆኖት ነበር። ልጁን ከገደልሁ በኋላ አባቱ በሕይወት ሊቆይ አይችልም አልሁ። ገዳዮቹ በሄዱበት ጊዜ ደብዳቤ እያነበበ ነበር አሉኝ። አባቴን ፊልጶስን ሲያገለግል የኖረ ሰው ነው። አባቴም እንዲሁ በራሱ ሰው ጩቤ ወደቀ፤ እኔ 20 ዓመት ሆኖኝ ቆሜ አየሁ።

ክሊቱስ። እርሱ ይገባል ብዬ ለምን እጠብቃለሁ? በግራኒኮስ የፋርሱ ጎራዴ በራሴ ላይ ሲነሣ እጁን ከትከሻው የቆረጠው ክሊቱስ ነው። የሞግዚቴ የላኒኬ ወንድም። በሰመርቃንድ ሁላችንም ሰክረን ነበር። አባትህ ባይሆን፣ የእነዚህ የመቄዶንያዎች ደም ባይሆን፣ አንተ ማነህ አለኝ። ከበር ጠባቂው እጅ ጦር ነጠቅሁ። አወጡት፤ ተመልሶ ገባ። ለምን ተመለሰ? በሌላ በር ገባ እንጂ ቢቀር ኖሮ ጠዋት ይቅር እንባባል ነበር። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም። ሊቃውንቱ መጥተው ንጉሥ የሚያደርገው ሁሉ ፍትሕ ነው አሉኝና ተነሥቼ በላሁ። እነርሱን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር። ላኒኬ አጥብታኝ አሳድጋኝ ነበር፤ ልጆቿም በጦር ሜዳ ለእኔ ሞተዋል። ለእርሷ አንድ ቃል አልላክሁም። አሁን ልልክላት እወድ ነበር፤ ቃል የለኝም።

ፐርዲካስ ጎንበስ ይላል። ለማን ይላል። ቀለበቱን ከጣቴ አውጥቶታል፤ ወይስ እኔ ሰጠሁት? ለማን። ይህን ሰዎች ከህንድ ጀምሮ ሲጠይቁኝ፣ ገና ነኝ እያልሁ አለፍሁ። ሮክሳና ከመጋረጃው ኋላ ናት። ሆዷን ይዛለች። ያ ልጅ ወንድ ከሆነ እነዚህ ሁሉ ጦር የያዙ ሰዎች በዙሪያው ይቆማሉ። እኔ በ20 ዓመቴ ስነግሥ በዙሪያዬ የነበሩትን ምን እንዳደረግኋቸው ዐውቃለሁ። ልጁን ለሲሲጋምቢስ ብሰጣት። እናቴ ብዬ ጠርቻት ነበር፤ እርሷ ታውቃለች፤ እርሷ ልጅ ቀብራለች።

በፓሳርጋዳይ የቂሮስን መቃብር ከፍቼ ገብቼ ነበር። ወርቁን ሌቦች ዘርፈውት፣ የሣጥኑን ክዳን ሰብረውት፣ አጥንቱን በትነውት አገኘሁ። ፋርስን ያቆመው ቂሮስ ነኝ፤ ሥጋዬን ለሸፈነች ለዚህች ጥቂት አፈር አትቅናብኝ ይል ነበር ጽሑፉ። አጥንቱን ሰብስቡ፣ በሩን በድንጋይ ዝጉ፣ በማኅተሜ አትሙት አልሁ። ከዚያ ወጥቼ ፈረስ ላይ ወጣሁ፤ ወዲያው ስለ ዐረቢያ ማሰብ ጀመርሁ።

ሰልፉ አላለቀም። አንገቴ ደከመ። ግን ካላነሣሁት የሚያልፈው ሰው ሞቷል ብሎ ይወጣል። ይህ ሽማግሌ ቆመ፤ ጠባቂው እለፍ ይለዋል፤ አያልፍም። አንድ ዓይኑ የለም። ከኦፒስ ቀን ጀምሮ ፊቴን ሳያይ የቆየ ሰው ነው ብዬ አስባለሁ፤ ከ13ቱ የአንዱ ወንድም ይሆናል። እጁን በአልጋው ጠርዝ ላይ አደረገ። ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። እርሱ ጆሮውን አቀረበ። ጎንበስ ብሎ ጠበቀ፤ ኋላ ያሉት ሁሉ ቆሙ። የሚሰማው ነገር ስላጣ ቀና ብሎ ዓይኔን አየ። ዓይኔን ከእርሱ ላይ አላነሣሁም። ጠባቂው ትከሻውን ያዘው፤ እርሱም እያየኝ ወደ ኋላው ወጣ።

ቀጣዩ ገባ። አንገቴን አነሣሁ።